ዙፕላንክተን ምንድን ነው? በሎጎ ሐይቅና በሶማሊያ ባሕር

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሎጎ ሐይቅ፣ ከመሸ በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድተው ወደ ብርሃን ከፍ ቢያደርጉት፣ እየዘለሉ የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጥቦች ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ዙፕላንክተን ናቸው፤ የውሃውን ጅረት ተቋቁመው መዋኘት የማይችሉ እንስሳት። መለያቸው ትንሽነታቸው አይደለም፤ የባሕሩ ግዙፍ ጄሊፊሽም ከእነሱ ይቆጠራል። በሐይቅ ውስጥ ግን ዋነኞቹ ከሸርጣን ወገን የሆኑት ደቃቃዎቹ ኮፔፖድና እንደ ዳፍኒያ ያሉ ክላዶሴራዎች፣ እንዲሁም ከእነሱም የሚያንሰው ሮቲፈር ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ2 ሚሊ ሜትር አያልፉም።

ምግባቸው በዋናነት አልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ደቃቅ ነገር ነው፤ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ ሲያድግ አልጌ ቢያዘወትርም ጫጩቱ ዙፕላንክተን ይለቅማል፣ በተለይ በቀላሉ የሚታየውን ትልቁን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ሎጎ ከገባ በኋላ ትላልቆቹ ክላዶሴራዎች መመናመናቸውና የውሃው ጥራት መቀነሱ ተመዝግቧል። አልጌውን የሚያጣራ ሲጠፋ ውሃው ይደፈርሳል።

ወደ ጎን መዋኘት ባይሆንላቸውም ወደ ላይና ወደ ታች ግን ይሆንላቸዋል። ብዙዎቹ ቀን ከዓሣ ዓይን ለመሸሽ ወደ ጨለማው ይወርዳሉ፣ ማታ ለመብላት ይወጣሉ። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ባሕር ዳርቻ ላይ ጎልቶ ይታያል። ወሎ ላይ የክረምት ዝናብ በሚወርድበት ወራት በሶማሊያ ጠረፍ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል። ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛና ንጥረ ነገር የበዛበት ውሃ ይወጣል። አልጌው በቀናት ውስጥ ይፈላል። ኮፔፖድ ግን ከዕንቁላል እስከ ጎልማሳነት ሳምንታት ይፈጃል፤ እስኪያድግም የላይኛው ጅረት ወደ ጥልቁ ባሕር ጠርጎ ሊወስደው ይችላል። መዳኛው መውረድ ነው፤ የታችኛው ውሃ ወደ ዳርቻው ስለሚፈስ መልሶ ያመጣዋል። ካላኖይድስ ካሪናተስ የተባለው ኮፔፖድ ደግሞ ነፋሱ ሲቆም፣ ለአካለ መጠን ሊደርስ አንድ ደረጃ ሲቀረው፣ ሰውነቱን በዘይት ሞልቶ ከ500 ሜትር በታች ይወርዳል። እዚያም ሳይመገብ ለወራት ይቆያል። ቅዝቃዜው ዘይቱን ቶሎ እንዳይጨርስ ይረዳዋል።

ስለዚህ የዙፕላንክተን ቆጠራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሰዓትና በጥልቀት ነው። በቀትር ከላይ ብቻ የቀዳ ሰው ሐይቁ ባዶ ነው ሊል ይችላል። ሎጎ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ የታችኛው ክፍሉ ግን ኦክስጅን ስለሌለው አብዛኞቹ አይኖሩበትም። ዙፕላንክተን የሚያጠልለውን መረብ ከ60 ሜትር ስቦ ቁጥሩን ለ60 ሜትር ውሃ ያካፈለ፣ ባዶውንም ውሃ አብሮ ቆጥሯል ማለት ነው። መጀመሪያ ኦክስጅን ለክቶ፣ መረቡን በሊትር ወደ 1 ሚሊ ግራም ከሚወርድበት ጥልቀት ጀምሮ መሳብ ይሻላል።

የመረቡ ቀዳዳ 64 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ቢሆን የኮፔፖድ ጫጩትና ብዙው ሮቲፈር ይያዛል፤ 200 ማይክሮን ከሆነ ያመልጣሉ። ደቃቁ መረብ ግን በአረንጓዴ ውሃ ቶሎ ይደፈናል፤ ውሃው በአፉ ተመልሶ ስለሚፈስ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል። አጭር አጭር ርቀት መሳብ፣ ከዚያም መረቡን ከውጭ በኩል ማጠብ ነው። ክብ አፉ ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ ከ15 ሜትር ሲሳብ ወደ 1,060 ሊትር ያጣራል። የተያዘው 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሆኖ በደንብ ከተበጠበጠ በኋላ በ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ኮፔፖድ ቢቆጠር፣ ጠቅላላው 2,400፣ በሊትር ከ2 ትንሽ በላይ ይሆናል። ነፋስ ታንኳውን ገፍቶ ገመዱ ካጋደለ 15 ሜትር የተለቀቀ ገመድ 15 ሜትር አይወርድም፤ በከባድ ጭነት ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ናሙናው ለማቆያ 4 በመቶ ፎርማሊን ይበቃዋል፤ በሊትር 40 ግራም ስኳር ቢጨመርበት ዳፍኒያ ተነፍታ ዕንቁላሏን አትጥልም። ከፎርማሊኑ በፊት ትንሽ የአምቦ ውሃ ማፍሰስም ያደነዝዛቸዋል፤ ሰውነታቸው ሳይኮማተር ለመለየት ይቀላል።