«ሂሴን ውጫለሁ»፦ ግለ ሂስ ምንድን ነው?

ጓደኛችሁ ካፌ ቀጥሯችሁ ግማሽ ሰዓት ያረፍዳል። ገና ወንበር ሳይስብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እሺ፣ ሂሴን ውጫለሁ» ይላል። ትስቃላችሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማኪያቶውን እሱ ይከፍላል። ካልከፈለ ሂሱን አልዋጠም ማለት ነው።

ቀልዱ የመጣው ግን ሰው ከሚላብበት ስብሰባ ነው።

«ሂስ» ከግዕዙ «ሔሰ» የመጣ ቃል ነው፤ ነቀፈ፣ ወቀሰ እንደማለት። «ግለ» ደግሞ «ግለ ታሪክ» ስንል እንዳለው ነው። ግለ ሂስ ማለት እንግዲህ አንድ ሰው ወይም ድርጅት ጥፋቱን በራሱ አፍ ሲናገር ነው። ብዙ ጊዜ ከወንድሙ ጋር ተጣምሮ «ሂስና ግለ ሂስ» ይባላል። አንዱ ይነቅፋል፣ ሌላው ይውጣል። ልማዱ የሶቪየት ህብረትና የማኦ ቻይና ነው። እኛ ጋ የገባው በ1960ዎቹ በተማሪዎች ንቅናቄና ከዚያ በወጡት ድርጅቶች በኩል ነው።

ሐሳቡ በራሱ ክፋት የለውም። ለዴሞክራሲ እታገላለሁ የሚል ንቅናቄ ነገ ሥልጣን ሲይዝ የሚተቹትን ሰዎች እንዴት እንደሚይዝ ዛሬ ከራሱ አባላት ጋር ካልተለማመደ የት ይለማመዳል?

አንዳንዶች ግለ ሂስን ከንስሐ ጋር ያመሳስሉታል። እኔ አልስማማም። የነፍስ አባት የሰማውን ይዞ ይቀበራል። ግለ ሂስ ግን ቃለ ጉባኤ ይያዝበታል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ገብቶ ቀኑን ይጠብቃል።

በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲን (ኢሕአፓን) እንይ። ድርጅቱ ለሕዝቡ ያለ ገደብ ዴሞክራሲያዊ መብት ይሰጠው ብሎ ደርግን ተሟግቷል። ለዚህም ብዙ ወጣት ሞቶለታል። ከማዕከላዊ ኮሚቴው አባላት ጌታቸው ማሩና ብርሃነመስቀል ረዳ ግን ድርጅቱ ከተማ ውስጥ የጀመረውን የትጥቅ ትግል ተቃወሙ። ለሐሳባቸው መልስ ከመስጠት ይልቅ ስም ተሰጣቸው፤ «አንጃ»፣ ድርጅት ከፋፋይ እንደማለት። ያኔ ይህ ስም ከተለጠፈብህ በኋላ የምትናገረውን የሚሰማ የለም። ጌታቸው በ1969 ዓ.ም. በራሱ ድርጅት እጅ ታስሮ ሳለ ተገደለ። ብርሃነመስቀል ከድርጅቱ ወጣ፣ በኋላም ደርግ ይዞ ገደለው። ደርግ ውጭ ትውልዱን እየጨረሰ በነበረበት ሰዓት ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። የድርጅቱ ሰዎች ምክንያት የሚያደርጉትም ይህንኑ ነበር፤ ጠላት በር ላይ ቆሞ ምን ክርክር አለ?

ኢሕአዴግ ሲመጣ ነገሩ «ግምገማ» ሆኖ ከበረሃ ወደ ቢሮ ገባ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩበትን አልረሳውም። አንዱ ኃላፊ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ አነበበ፦ «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ይታይብኛል፣ የቁርጠኝነት ማነስም አለብኝ።» አጠገቤ የነበረው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያምናውኑ ነው፣ ቀኑን ብቻ ነው የቀየረው» አለኝ። ሰብሳቢው «ጥሩ ግለ ሂስ ነው» አሉ። ቀጥላ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ተነስታ ለመኪና ጎማ ተብሎ ወጪ የተደረገ ብር የት እንደገባ ጠየቀች። «አቀራረብሽ ገንቢ አይደለም» ተባለች።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ይታየኛል። የውሸቱ ግለ ሂስ ስለ ባህርይ ያወራል፤ «ንዑስ ከበርቴ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ»፣ «ትምክህተኛ»። እንዲህ ያለ ቃል ማንም ላይ ይለጠፋል፣ ማንንም አያስጠይቅም። የእውነቱ ግን ቀን አለው፣ ብር አለው፣ ፊርማ አለው። «ጉባኤው ሳያውቅ እኔ ወሰንኩ፣ ተሳስቻለሁ» ይላል። ደግሞ ከላይ ነው የሚጀምረው። ሊቀመንበሩ ሁሌ ሂስ ሰጪ፣ ታች ያለው ሁሌ ሂስ ዋጭ ከሆነ ምርመራ ነው።

ውጭ አገር ያለነውስ? ምርጫ 97ን ያስታወሰ ተቃዋሚውን ቅንጅትንም ያስታውሳል። መሪዎቹ በ1999 ዓ.ም. ከእስር ሲፈቱ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አደባባይ ወጣ። አሜሪካ ያለው ደጋፊም ጎራ ለይቶ ተከፈለ። ያኔ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ አመራር የጠየቀ ሰው የሚሰማው መልስ ይታወቃል፦ «ጊዜው አይደለም»፣ «ገመናችንን ለወያኔ አናውጣ»። ገመና መሸፈን እኛ ጋ ትልቅ ጨዋነት ነው፣ እኔም ያደግኩበት ነው። ግን ገመና የቤተሰብ ነው። ሕዝብ ያዋጣው ብርና ሕዝብ የሰጠው ድምፅ እንዴት ገመና ይሆናል?

የ1960ዎቹ ትውልድ አሁን መጽሐፍ እየጻፈ ነው። ትዝታዎቹ መደርደሪያ ሞልተዋል። ከኢሕአፓና ከተቀናቃኙ ግራ ዘመም ድርጅት ከመኢሶን ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ክርክር ገና አላበቃም። እኔ አንድ አመል አለኝ፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስገዛ ቆሜ ገጾቹን እያገላበጥኩ «ተሳስቼ ነበር» የሚል አረፍተ ነገር እፈልጋለሁ። «ተሳስተን ነበር» ሞልቷል።