ኦርፋን አፍተርግሎው ምንድን ነው?

ጋማ ሬይ በርስት ማለት ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ወይ ሁለት ኒውትሮን ስታሮች (የሞቱ ኮከቦች እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ሲጋጩ የሚወጣ የጋማ ጨረር ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ሰከንዶች ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ድርግም ይላል። ጨረሩን የሚረጨው ጄት (ከፍንዳታው በከፍተኛ ፍጥነት የሚወነጨፍ ጠባብ ፍሰት) ግን እዛው አይቆምም፣ በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየገፋ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹ ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ እየተሽከረከሩ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ። አፍተርግሎው የሚባለው ይሄ ነው፣ በሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ጄቱ እንደ ባትሪ መብራት ጠባብ ነው፣ ወደኛ ካልዞረ ሳተላይቶቻችን ምንም አያዩም፣ እና አብዛኞቹ ወደኛ አይዞሩም። ጄቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ብርሃኑ ወደ ጎንም ስለሚበተን ሬዲዮው ዘግይቶ ይደርሰናል። ፍንዳታው ሳይታይ አፍተርግሎው ብቻ ሲታይ ኦርፋን (ወላጅ አልባ) ይባላል፣ ወላጁ ስላልታወቀ።

ታዲያ "እዚህ ጋ ፈነዳ" የሚል አላርም ከሌለ በምን ይገኛል? የድሮ የሰማይ ካርታ ከአዲስ ጋር በማስተያየት፣ ሌላ መንገድ ብዙም የለም። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ያለው ቪኤልኤ የተባለ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ (27 ዲሽ፣ እያንዳንዱ 25 ሜትር) ፈርስት የተባለውን ሰርቬይ (የሰማይ ቅኝት) በ1993 ጀመረ፣ ቪላስ የሚባለውን ደግሞ በ2017። ፈርስት ላይ ኖሮ ቪላስ ላይ የጠፋ ነገር ካለ ተጠርጣሪ ነው። ሲያወሩት ይቀላል እንጂ ፈርስት በ1.4 ጊጋኸርዝ ቪላስ በ3 ጊጋኸርዝ ነው የሚያዩት፣ ብዙ ሶርሶች (ሬዲዮ የሚለቁ የሰማይ አካላት) ደሞ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ራሳቸው ይደበዝዛሉ፣ ምንም ሳይቀየሩ የጠፉ ይመስላሉ። በዛ ላይ ጋላክሲ መሀል ያሉት ብላክ ሆሎች እንደፈለጋቸው ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ፣ እነሱን ማጣራት ነው ዋናው ራስ ምታት።

በ2018 ግን የአስትሮኖሚ ተመራማሪው ኬሲ ሎውና ባልደረቦቹ ጥሩ ተጠርጣሪ አገኙ። ፈርስት ጄ1419+3940 ይባላል፣ ወደ 280 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለች ትንሽዬ ጋላክሲ ውስጥ ነው፣ በ1993 ደማቅ የነበረው በ2017 ወደ 50 እጥፍ ወርዶ ቪላስ ላይ ጭራሽ አይታይም። ዳታው ሀያ ምናምን ዓመት አርካይቭ ውስጥ ተኝቶ ነበር እኮ! በኋላ የአውሮፓ ቴሌስኮፖች ተያይዘው ሲለኩት ስፋቱ 5 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ፣ ማግኔታር (በጣም ኃይለኛ ማግኔቲክ ፊልድ ያለው ኒውትሮን ስታር) የነፋው ደመና ነው ለሚለው ግምት በጣም ሰፊ ነው፣ ለአፍተርግሎው ግን ልክ ይመጣል።

ቪላስ ደሞ አንዱን ሰማይ ሶስት ጊዜ እንዲያይ ነው የታቀደው፣ በሁለት ዓመት ከምናምን ልዩነት፣ ስለዚህ የሚቀጥለውን ከጠፋ በኋላ ሳይሆን እየደበዘዘ እያለ የመያዝ እድል አለ።