ግብር እና በጀት በጎጃም ቤተሰቦች ኑሮ

በጎጃም የግብር ጭማሪም ሆነ የበጀት ቅነሳ በየቤቱ የሚያሳድረው ጫና በታወጀው መጣኔ ብቻ አይወሰንም፤ ቤተሰቡ ጥሬ ገንዘብ ከየትና በየትኛው ወቅት እንደሚያገኝም ወሳኝ ነው። ግብር አከራካሪ መሆን የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ አሥራትን፣ ማለትም ከምርት አንድ አሥረኛውን የመክፈል ግዴታ፣ ሽሮ ከገቢ ጋር የሚያድግ ግብር የተካ በመሆኑ በወረቀት ላይ ለድኃው የሚያደላ ይመስል ነበር፤ ርስተኛው ግን የግብር ገማቾችን መምጣት የቀላድ መጣል፣ ማለትም መሬቱን በገመድ የመለካት፣ ዋዜማ አድርጎ ስላየው በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ዐመፀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በመጨረሻ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ከቦታው አንሥተው ውዝፉን ማሩ።

ዛሬ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር በዋናነት የሚሰላው በይዞታ ስፋት ነው። ጥንድ በሬ ያለው አባወራ ከሙሉ ምርቱ ይከፍላል። ባሏ የሞተባትና በሬ የሌላት እማወራ ግን መሬቷን በእኩል አሳርሳ ግማሹን ምርት ብቻ ወደ ጎተራዋ ስታስገባ፣ ደረሰኙ በስሟ የሚቆረጠው በይዞታዋ ልክ ነው፤ ከአራሹ ጋር ካልተስማማች በቀር ልዩነቱን የምትሸፍነው እሷው ናት። ክፍያው የሚጠየቀው አዝመራ እንደተሰበሰበ፣ የእህል ዋጋ በሚወርድበት ወቅት በመሆኑ፣ ጤፏን ጥር ላይ አርክሳ የሸጠች ሴት ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ ልትገዛ ትችላለች። የከበደው መጣኔው ሳይሆን ወሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በሜጫ በቆሎ አምራቾች ዘንድ ከግብሩ ይልቅ የሚያሳስበው የማዳበሪያ ድጎማ ነው፤ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ድጎማው በሳሳ ቁጥር ልዩነቱ በቀጥታ ማሳው ላይ ያርፋል።

በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም ያለ ደመወዝተኛ ሁኔታው ይለያል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው ዐዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ስላሳደገ፣ 2,000 ብር የሚከፈለው ጥበቃ ቀድሞ ይቆረጥበት የነበረው 157 ብር ከ50 ሳንቲም ቀርቶለታል። የቀን ሠራተኛው ከዚህ ማሻሻያ የሚያገኘው ነገር የለም፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን ሳሙናና ቆርቆሮ ሲገዛ ያገኘዋል።

የበጀት ቅነሳ ይበልጥ ስውር ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ስለሆነና ደመወዝ በቀላሉ ስለማይነካ፣ ቀድሞ የሚቀነሰው ሥራ ማስኬጃው ነው፦ የአምቡላንስ ነዳጅ፣ ጠመኔ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት። ጉድለቱ በመዋጮ ስም ወደ ወላጅ ይመለሳል፤ መዋጮው ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፍስ ወከፍ ወይም በተማሪ ቁጥር ስለሚደለደል፣ አራት ልጅ የሚያስተምር ድኃ አንድ ልጅ ካለው ባለሀብት ይበልጥ ይከፍላል።