መሃል ሰፋሪዎች፦ ተራው መራጭ ከግራና ከቀኝ የት ይቆማል?

ለዘብተኛ ፖለቲካ የሚባለው ከሁለቱም ጽንፍ የራቀ፣ ለውጥን ደረጃ በደረጃ የሚፈልግ፣ ከተቃራኒው ወገን ጋር መደራደርን እንደ ሽንፈት የማይቆጥር አቋም ነው። ስለ ግራ ክንፍና ስለ ቀኝ ክንፍ ብዙ ተጽፏል። መሃል ስለቆመው ሰው ግን በአማርኛ ተሰባስቦ የሚገኝ ነገር እምብዛም ነው። ስሙ ቢነሳም አብዛኛውን ጊዜ «ወላዋይ» ወይም «መሃል ሰፋሪ» ተብሎ ሊሰደብ ነው። ይህ ዳሰሳ በፈረንሳይ አብዮትና በአሜሪካ የመራጮች ጥናት ላይ ያዘነብላል፤ በደንብ የተመዘገበው እሱ ስለሆነ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

አርስቶትል መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ዜጎች የሚበዙበት ከተማ ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋ ነው ብሎ አስተምሯል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሺህ ዓመታት ዘለን ወደ ፈረንሳይ እንሂድ።

«ግራ» እና «ቀኝ» የመጡት ከወንበር አቀማመጥ ነው። በ1789 ኦገስትና ሴፕቴምበር ቬርሳይ ላይ የተቀመጠው ብሔራዊ ጉባኤ አንድ ከባድ ጥያቄ ገጠመው። ንጉሡ ጉባኤው ያወጣውን ሕግ መሻር ይችላል ወይስ አይችልም? ይችላል የሚሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ፣ አይችልም የሚሉት በስተግራ እየሆኑ ተቀመጡ። ታሪኩ በብዛት የሚተረከው እስከዚህ ድረስ ነው። ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ያሸነፈው መካከለኛው ሐሳብ ነበር፤ ንጉሡ ሕጉን ለጊዜው ያግድ፣ ለዘለዓለም ግን አይሻር ተባለ። ግራና ቀኝ በተወለዱበት ቀን ጉባኤው የመረጠው መሃሉን ነው ማለት ነው።

ነገሩ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም። በዚያው ጉባኤ ራሳቸውን ለዘብተኛ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እነ ዣን ዦሴፍ ሙኒየ የእንግሊዝን የመሰለ ሥርዓት፣ ሁለት ምክር ቤትና ጠንካራ ንጉሥ ይፈልጉ ነበር። ከአሮጌው አገዛዝ ጋር ሲነጻጸሩ ለውጥ ፈላጊዎች ናቸው። አብዮቱ ሲፈጥን ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ቀኝ ክንፍ ተብለው ተገፉ። እነሱ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ የተንቀሳቀሰው መሃሉ ነው።

በ1792 በተመረጠው ኮንቬንሲዮን በተባለው የአብዮቱ ጉባኤ ደግሞ አክራሪዎቹ ከፍ ያሉትን ወንበሮች ይዘው «ተራራ» ተባሉ። ዝቅ ባሉት ወንበሮች ላይ ከየትኛውም ቡድን ያልሆኑት ተቀመጡ። በቁጥር ትልቁ ክፍል እነሱ ነበሩ። ስማቸው «ሜዳ» ነው፤ የሚንቋቸው ግን «ረግረግ» ይሏቸው ነበር። ድምፃቸውን አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ሰጡ። «ሽብሩ» በተባለው የጅምላ እስርና ግድያ ዘመን የወጡትን ሕጎችም አጽድቀዋል። በጁላይ 27 ቀን 1794 የተራራው መሪ ሮቤስፒየር ከመድረኩ ሆኖ ድጋፋቸውን ሲለምን ግን ፊታቸውን አዞሩበት። በማግስቱ አንገቱ ተቀላ። ከእነሱ አንዱ የነበረው አቤ ሲየየስ በሽብሩ ዘመን ምን ሠራህ ተብሎ ሲጠየቅ «ኖርኩ» አለ ይባላል። ብዙ ጸሐፊዎች ሜዳዎቹን ፈሪ ይሏቸዋል። ፍርዱ ትንሽ ይከብዳል። ዞሮ ዞሮ ለሮቤስፒየር መውደቅ የእነሱ ድምፅ ያስፈልግ ነበር።

ፓርቲዎቹ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወንበሩ ስም ወደ ሌሎች የአውሮፓ ምክር ቤቶች ተዛመተ። በጀርመን በ1870 የተቋቋመው የካቶሊኮች ፓርቲ ስሙን ራሱ «መሃል» አለ። የስዊድን፣ የኖርዌይና የፊንላንድ የገበሬ ፓርቲዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ስማቸውን ወደ «የመሃል ፓርቲ» ቀየሩ። በጣሊያን ክርስቲያን ዴሞክራቶች ለሃምሳ ዓመት ገደማ መሃሉን ይዘው በእያንዳንዱ መንግሥት ውስጥ ነበሩ፤ በ1994 በሙስና ቅሌት ፈረሱ። በፈረንሳይ ኢማኑኤል ማክሮን በ2016 ግራም ቀኝም አይደለሁም ብሎ ፓርቲ መሠረተ፤ በ2017 ፕሬዚዳንት ሆነ።

ምሁራኑ ስለነዚህ ፓርቲዎች አይስማሙም። ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቬርዤ በ1951 የመሃል ፓርቲ ሊኖር ይችላል፣ የመሃል ዝንባሌ ግን የለም ሲል ጻፈ። በእሱ ዓይን እያንዳንዱ ጉዳይ ሁለት ወገን ብቻ ነው ያለው። ይህ የተጋነነ ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሳርቶሪ ያነሳው ነጥብ ይበልጥ ያሳስባል። መሃሉን አንድ ትልቅ ፓርቲ ሲይዘው ሌሎቹ ቦታ የሚያገኙት ዳር ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የመሃል ፓርቲ መኖር ራሱ ፖለቲካውን ወደ ጽንፍ ሊገፋው ይችላል አለ።

መካከለኛው መራጭ

ሃሮልድ ሆቴሊንግ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1929 አንድ ቀላል ጥያቄ አነሳ። በአንድ ረጅም መንገድ ላይ ሁለት ሱቆች ቢከፈቱ የት ይቆማሉ? መልሱ መሃል ላይ፣ ጎን ለጎን ነው። ከመሃል የራቀው ደንበኛ ያጣል። እሱ ራሱ ሐሳቡን ወደ ፓርቲዎች አዛመደው። ደንከን ብላክ በ1948 በሒሳብ አጠናከረው። አንቶኒ ዳውንስ ደግሞ በ1957 ሙሉ የምርጫ ንድፈ ሐሳብ አደረገው። ሁለት ፓርቲ ብቻ ካለ፣ መራጮች በአንድ መስመር ላይ ከተደረደሩ፣ ሁሉም ለሚቀርበው ከመረጠ፣ አሸናፊው መካከለኛውን መራጭ የያዘ ነው።

እነዚህ «ከ» ዎች ግን ብዙ ናቸው። ጽንፈኛው ደጋፊ ተበሳጭቶ ቤቱ ሊቀር ይችላል። የፓርቲው ዕጩ አስቀድሞ የሚመረጠው በአባላት ከሆነ፣ አባላቱ ከተራው መራጭ ይልቅ ወደ ዳር ያዘነበሉ ናቸው። ገንዘብ የሚያዋጣው፣ ስብሰባ የሚሄደው፣ የሚጮኸው እንዲህ ያለው አባል ነው። ለዚህ ነው መራጩ መሃል እያለ ዕጩዎቹ ሲራራቁ የምናየው።

መጠይቁ ምን ይላል?

ከ1981 ጀምሮ የሚካሄደው የዓለም የእሴቶች ጥናት ሰዎችን ከ1 እስከ 10 ባለ መስመር ላይ ራሳችሁን አስቀምጡ ይላል። 1 ግራ፣ 10 ቀኝ ነው። በብዙ አገሮች ሰው የሚከማቸው መሃል አካባቢ ነው፤ በተለይ 5 ላይ። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ጉድ አለ። ከ1 እስከ 10 ሲቆጠር ትክክለኛው መሃል 5 ሳይሆን 5.5 ነው። መሃል ነኝ ብሎ 5ን የከበበ ሰው በሒሳቡ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ ሆኖ ይመዘገባል። በ2002 የጀመረው የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት ከ0 እስከ 10 በመጠቀሙ ይህን ችግር አስወግዷል።

በአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው የጋሉፕ ድርጅት ሰዎችን ወግ አጥባቂ (ቀኝ)፣ ለዘብተኛ ወይስ ሊበራል (በአሜሪካ አነጋገር ግራ) ናችሁ ብሎ ይጠይቃል። በ1992 ለዘብተኛ ነኝ ያለው 43 በመቶ ነበር። በ2024 ወደ 34 በመቶ ወርዷል፤ ወግ አጥባቂ 37፣ ሊበራል 25 በመቶ ሆነዋል። ቀንሷል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ሦስተኛ ሕዝብ ቀላል ቁጥር አይደለም።

ትልቁ ጥያቄ ይህ ለዘብተኛ ነኝ ባይ በእርግጥ ምን ያስባል የሚለው ነው። አሜሪካዊው የፖለቲካ ተመራማሪ ፊሊፕ ኮንቨርስ በ1964 ያሳተመው ጥናት እስከዛሬ ያነጋግራል። መራጮች ስለ ፓርቲዎችና ዕጩዎች በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን ወስዶ መደባቸው። ፖለቲካን በግራና ቀኝ የሐሳብ ሥርዓት የሚያዩት 2.5 በመቶ ብቻ ሆኑ። 9 በመቶ ለዚያ ቀረብ ያሉ ነበሩ። 42 በመቶው የሚያስበው የትኛው ፓርቲ ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ይጠቅማል ብሎ ነው። 24 በመቶው ዘመኑ ጥሩ ነው ወይስ ክፉ በሚል ይፈርዳል። የቀረው 22.5 በመቶ ምንም የፖሊሲ ጉዳይ አላነሳም። ይባስ ብሎ እነዚያው ሰዎች በ1956፣ በ1958 እና በ1960 ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቁ የብዙዎቹ መልስ ተለዋወጠ። ኮንቨርስ ብዙ ሰው በብዙ ጉዳይ ላይ አቋም የለውም፤ የሚመልሰው ስለተጠየቀ ነው አለ።

ተቺዎቹ የአንድ ጥያቄ መልስ ቢዋዥቅ የጥያቄው ጥራት ጉድለትም ነው ብለዋል። ብዙ ጥያቄዎች አብረው ሲደመሩ የሰዎች አቋም ጸንቶ እንደሚታይ የሚያሳዩ ሥራዎችም ወጥተዋል። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት ከ1972 ጀምሮ ባለ 7 ነጥብ መስመሩ ላይ «ይህን ብዙ አላሰብኩበትም» የሚል አማራጭ ሲሰጥ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል። አማራጩ በሌለበት መጠይቅ ይህ ሰው መሃል ላይ ይቀመጥና ለዘብተኛ ተብሎ ይቆጠራል።

ሌላም ጥርጣሬ አለ። ዴቪድ ብሩክማን በ2016 እንዳሳየው አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ የግራ ጽንፍ፣ በሌላው የቀኝ ጽንፍ አቋም ሊይዝ ይችላል። ሲደመርና ሲካፈል ውጤቱ መሃል ይሆናል። ሰውየው ግን በየጉዳዩ ለዘብተኛ አይደለም። በኢኮኖሚ ወደ ግራ፣ በባህልና በሃይማኖት ወደ ቀኝ የሚያዘነብል መራጭ በብዙ አገሮች አለ፤ ሁለቱን ያጣመረ ፓርቲ ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም። የሥነ ልቦና ሊቁ ሃንስ አይዘንክ በ1954 ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው አንድ መስመር አይበቃም ብሎ ሁለተኛ መስመር የጨመረው ያለ ነገር አይደለም።

ለለዘብተኞች የሚከራከረው ሥራ በ2022 መጣ። አንቶኒ ፋውለርና አምስት ባልደረቦቹ የብዙ መራጮችን መልስ መርምረው ለዘብተኛ ከሚባሉት አብዛኞቹ በእውነት በየጉዳዩ መካከለኛ አመለካከት እንዳላቸው አገኙ። የተደበላለቀ ጽንፍ የያዙት አነስ ያሉ ናቸው። ክርክሩ ተዘግቷል ባይባልም ማስረጃው ጠንካራ ነው።

ሕዝቡ ተከፋፍሏል?

ስለ አሜሪካ ሁለት የፖለቲካ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። ሞሪስ ፊዮሪና ልሂቃኑ ተራራቁ እንጂ ሕዝቡ ቦታው ላይ ነው ይላል። አለን አብራሞዊትዝ በበኩሉ ፖለቲካን የሚከታተለው፣ ድምፅ የሚሰጠው ክፍል በእርግጥ ተራርቋል ሲል ይሞግታል። ምናልባት ሁለቱም የሚናገሩት ስለተለያየ ሰው ነው። ብዙም የማያጨቃጭቀው ሌላ ለውጥ አለ፤ ወግ አጥባቂው አንድ ፓርቲ፣ ሊበራሉ ሌላው ፓርቲ ውስጥ ተጠቃሏል። በአመለካከት ያልተራራቀ ሰው እንኳ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠላል።

ጥላቻው በከፊል የግምት ስህተት ነው። «ሞር ኢን ኮመን» የተባለ ድርጅት በ2019 አሜሪካውያንን ከተቃራኒው ፓርቲ ደጋፊዎች ስንቱ ጽንፈኛ ይመስላችኋል ብሎ ጠየቀ። የተገመተው 55 በመቶ ገደማ ነበር። ትክክለኛው 30 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አብዝተው የተሳሳቱት ደግሞ ዜና የሚያዘወትሩት ናቸው፤ ፖለቲካ ብዙም የማይከታተለው ሰው ግምቱ ወደ እውነቱ ይቀርብ ነበር።