የ«7-38-55» ሕግ በትክክል የሚለው ምንድን ነው?

በንግግር ክህሎት ሥልጠናዎች ደጋግሞ የሚጠቀስ ስሌት አለ፤ ከመልእክቱ 7 በመቶው በቃላት፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው በፊት ገጽታ ይተላለፋል ይላል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ተናጋሪ የሚታመነው በአለባበሱና በአቋሙ እንጂ በሚናገረው አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ይህ ስሕተት ነው።

ቁጥሮቹ የተገኙት የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን በ1967 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ካሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በጥናቶቹ ሙሉ ንግግር የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ተሳታፊዎቹ እንደ «ምናልባት» ያሉ ነጠላ ቃላት በተለያየ ቃና ሲነገሩ እየሰሙ፣ በአንደኛው ጥናት ደግሞ የፊት ፎቶግራፍ ጭምር እያዩ፣ ተናጋሪው ለአድማጩ ያለውን ስሜት እንዲገምቱ ተጠየቁ። መህራቢያን ራሳቸውም ስሌቱ ስሜትንና አመለካከትን ከመግለጽ ውጭ እንደማይሠራ አሳስበዋል።

ስለዚህ ፊቱን አጨፍግጎ «አልተቀየምኩም» የሚለንን ወዳጅ ከቃሉ ይልቅ በፊቱ እንረዳዋለን፤ ሐኪም የመድኃኒት መጠን ሲነግረን ግን ዋናው ነገር ቃሉ ነው።

አቀራረብ ለውጥ አያመጣም ማለት ግን አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው፤ በዚያ «ዶክተር ፎክስ» ተብሎ የቀረበ ተዋናይ ሆን ተብሎ ፍሬ አልባ የተደረገ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ገለጻ ቢሰጥም፣ የተማሩት አድማጮቹ በማዕረጉና በቅልጥፍናው ተማርከው መልካም ግምገማ ሰጥተውታል።