ያስነጠሰው ዝም ካለ «የርሐሙከላህ» (አላህ ይዘንልህ) ይባላል?

አይባልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማስነጠሱን እንደሰማን ዱዓ (ልመና) ለማድረግ እንቸኩላለን፤ ዱዓው ግን የሚገባው አልሐምዱሊላህ (ምስጋና ለአላህ ይሁን) ላለ ሰው ነው። የነቢዩ ባልደረባ አነስ ኢብኑ ማሊክ ባስተላለፉት ሐዲስ ሁለት ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ አስነጠሱ። ለአንዱ ዱዓ አደረጉለት፣ ለሌላው ዝም አሉ። ሲጠየቁም፣ ይህኛው አላህን አመሰገነ፣ ያኛው አላመሰገነም አሉ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ያስነጠሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላል። የሰማው «የርሐሙከላህ»፣ ለሴት ከሆነ «የርሐሙኪላህ» ይላታል። ያስነጠሰው መልሶ «የህዲኩሙላሁ ወዩስሊሑ ባለኩም» ይላል፤ አላህ ይምራችሁ፣ ሁኔታችሁንም ያስተካክልላችሁ ማለት ነው። ይህችን የመጨረሻዋን መልስ ብዙዎቻችን እንተዋታለን፤ ያሳዝናል፣ ዱዓ ላደረገልን ሰው የምንመልሰው ዱዓ እኮ ነው።

ሰላት ላይ ሲሆን ይለያል። ሌላው ባልደረባ ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም ሰላት ውስጥ ላስነጠሰ ሰው «የርሐሙከላህ» ሲሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰላት በኋላ ሳይቆጡ ሳይሰድቡ፣ ሰላት የሰዎች ንግግር የሚገባበት እንዳልሆነ አስተማሯቸው። ልጅ ወይም አዲስ ሰጋጅ ሲሳሳት የምናርመውም በዚህ ለስላሳነት መሆን አለበት።

ጉንፋን ይዞት ደጋግሞ ለሚያስነጥስ ሰው ከሦስተኛው በኋላ «የርሐሙከላህ» ማለቱ ይቀራል፤ አላህ ያሽርህ ይባላል። ሲያስነጥሱ ፊትን በእጅ ወይም በልብስ መሸፈንና ድምፅን ዝቅ ማድረግም ሱና (የነቢዩ ፈለግ) ነው። ታክሲ ውስጥ ተጠጋግተን ስንሄድ ይህን እናስታውስ።