ከሰደድ እሳት በኋላ የሚነሳ ፍርስራሽና የኢንሹራንስ ገንዘብ (ካሊፎርኒያ)

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰደድ እሳት ሰፈር ሙሉ ሲበላ የቤቱን አመድና ፍርስራሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው መንግሥት ነው፣ ባለቤቱ ከኪሱ አይከፍልም። ግን ኢንሹራንስ ካለውና ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ላይ ለፍርስራሽ ማንሻ ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ብር ካለ እሱ ለካውንቲው (ከግዛቱ በታች ላለው የአካባቢ አስተዳደር) ነው የሚገባው። ብዙ ሰው ነጻ ነው ሲሉት የጽዳት ፈቃድ ፎርሙን ፈርሞ በኋላ ደብዳቤ ሲመጣበት የሚደነግጠው እዚ ጋ ነው።

አሠራሩ በግዛቱ ደረጃ መልክ የያዘው በ2007 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ሳውዝ ሌክ ታሆ አካባቢ አንጎራ የተባለው እሳት ከ250 በላይ ቤት ካቃጠለ በኋላ ነው። በ2017 ከሳንታ ሮዛ እሳት በኋላ ለጽዳቱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ኮር ገባ፣ አንዳንድ ባለቤቶች መሬታችን ከልክ በላይ ተቆፈረ ብለው ቅሬታ አቅርበዋል። በ2018 ፓራዳይዝ ከተማ በእሳት 85 ሰው ሲሞት ጽዳቱን የመራው ግዛቱ ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። በ1988 የወጣው የስታፎርድ ሕግ (የፌደራሉ የአደጋ እርዳታ ሕግ) ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ መከፈልን ይከለክላል፣ ፌማ (የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ደግሞ የጽዳቱን ወጪ ቢያንስ 75 በመቶ ስለሚሸፍን ኢንሹራንሱ የከፈለው ከዛ ላይ ይቀነሳል፣ ስለዚህ ካውንቲው ብሩን የሚሰበስበው ለራሱ ትርፍ አይደለም።

ዋናው ነገር የፖሊሲው አጻጻፍ ነው። አንዳንዱ ፖሊሲ ለፍርስራሽ የራሱ መስመር አለው፣ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሽፋን 5 በመቶ ይሆናል፤ ቤቱ በ600,000 ዶላር ከተሸፈነ 30,000 ማለት ነው። ጽዳቱ ከዛ በላይ ቢያስወጣም ካውንቲው የሚጠይቀው 30,000ውን ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ባለቤቱ ላይ አይመጣም። ፕሮግራሙ የማያነሳቸውን ነገሮች፣ ለምሳሌ የዋና ገንዳን፣ ባለቤቱ በዛው ብር አስነስቶ ደረሰኝ ካስቀመጠ ደግሞ የሚጠየቀው የተረፈውን ነው። ለብቻው መስመር የሌለውና ሁሉም በአንድ ላይ የተጠቀለለበት ፖሊሲ ግን ሌላ ነው፣ ባለቤቱ መጀመሪያ ቤቱን ይሠራበታል፣ ሠርቶ ጨርሶ የተረፈ ካለ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ለኢንሹራንሱ ደውሎ የፍርስራሽ መስመሬ ለብቻው ነው ወይስ አብሮ ነው ብሎ መልሱን በጽሁፍ መቀበል ያስፈልጋል።

በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ላይ የፓሊሴድስና የኢተን እሳቶች ከ16,000 በላይ ሕንጻ ሲያወድሙ ይሄ ሁሉ በትልቁ ታየ። መጀመሪያ የፌደራሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመኪና ሊቲየም ባትሪ፣ ቀለም፣ ጋዝ ሲሊንደር ምናምን ለቅሞ አወጣ፣ ቀጥሎ መሐንዲሶቹ ኮር ገብቶ አመዱን፣ ፋውንዴሽኑንና ከላይ እስከ 6 ኢንች አፈር አነሳ። ባለቤቶች የመግቢያ ፈቃድ ፎርም እስከ ማርች 31 እንዲሞሉ ተብሎ ወደ ኤፕሪል 15 ተራዘመ፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው የፍርስራሽ ብሩን ለካውንቲው ማስተላለፉም እዛው ፎርም ላይ ነው ያለው። ከ9,000 በላይ ቦታ በወራት ውስጥ መጽዳቱ በእውነት ትልቅ ሥራ ነው፣ ሠራተኞቹ ጤና ከሚጎዱት ከአስቤስቶስና ከሊድ (እርሳስ) ጋር እየታገሉ ነው የሠሩት። ከጽዳቱ በኋላ ፌማ የአፈር ምርመራ አለማስደረጉ ግን ስህተት ነበር፣ ከዚህ በፊት በነበሩ እሳቶች ይደረግ የነበረ ነገር ነው፣ ፌማ 6 ኢንች ማንሳቱ በቂ ነው የሚል አቋም ነበረው።

የመንግሥቱን ጽዳት አልፈልግም ያለ ሰው ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር ራሱ ቀጥሮ ካውንቲው ባወጣው መስፈርት ማጽዳት ይችላል፣ ወጪውንም ኢንሹራንሱ ይከፍላል። ግን ወጪው ከፖሊሲው ካለፈ ራሱ ነው የሚሸከመው፣ ስለዚህ የፍርስራሽ መስመሩ ትንሽ ለሆነ ሰው የመንግሥቱ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ። ኢንሹራንስ ጭራሽ የሌለውም ፎርሙን በጊዜ እስከሞላ ድረስ ቦታው ይጸዳለታል፣ ቢል አይላክለትም።